ኤስ አር ዲ (የደቡብ አፍሪካ መንግስት ገቢ ለሌለው ሰው በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ) ዲክላይን (ውድቅ) ተብሎብኛል፣ ይግባኝ ልበል ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው ከጆበርግ ወጣ ብሎ ያለ ሎኬሽን ውስጥ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ይሰራበት የነበረው ሱቅ ተዘርፎ ከተዘጋ ወዲህ ስራ ፍለጋ ሌላ ፕሮቪንስ ሄዷል፣ እስካሁን ይሄ ነው የሚባል ነገር አላገኘም። ወረቀቴ ሴክሽን 22 (የአሳይለም ማለትም የጥገኝነት ጠያቂ ፈቃድ) ነው፣ ኤክስፓየር አላደረገም። ለኤስ አር ዲ አፕላይ አድርጌ የመጀመሪያው ወር «አይደንቲቲ ቬሪፊኬሽን ፌይልድ» (ማንነትሽ አልተረጋገጠም) አለኝ፣ እሱ ከመጣ ሁለት ወር አልፎታል። ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ደግሞ «ኦልተርኔቲቭ ኢንካም ሶርስ አይደንቲፋይድ» (ሌላ ገቢ ተገኝቶብሻል) ይላሉ። እኔ ገቢ የለኝም። እውነቱን ለመናገር የሴቶች እቁብ በኔ አካውንት ነው የሚሰበሰበው፣ እኔ ከተቸገርኩ ወዲህ መጣል አቁሜያለሁ ግን ሰብሳቢዋ አሁንም እኔ ነኝ፣ ዘጠኝ ሴቶች በወር 500 ራንድ ያስገባሉ። የአጎቴ ልጅም አካውንቱ ስለተዘጋበት አንዳንዴ የሱቁን ብር በኔ በኩል ያስገባል። ጄፒ (ጆበርግ ያለው የኛ ሰው የሚነግድበት ሰፈር) አንድ ሰውዬ 300 ራንድ ስጪኝና ላስተካክልልሽ፣ የድሮውን ሰርዘን አዲስ እናስገባለን አለኝ። ሌሎቹ ደግሞ እሱ ለዜጋ ነው፣ የመንግስት ብር መጠየቅ የአሳይለም ኬዝሽን ያበላሽብሻል ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ እንደምን አለሽ። ቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ፣ ይግባኝ በይ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙልሽ ስልክሽን ይዘሽ ቁጭ በይና ለሶስቱም ወር አስገቢ። የማጣድፍሽ ቀን ስለሚቆጠር ነው፣ አንድ ወር ዲክላይን ከተባለ ይግባኝ የሚቀበሉሽ በ90 ቀን ውስጥ ነው፣ የመጀመሪያው ወርሽ ደግሞ ሁለት ወር ካለፈው የቀረሽ ጊዜ ብዙ አይደለም። እሱ ካለፈ የዛን ወር ብር ማንም አይመልስልሽም።

300 ራንዱን ለሰውዬው እንዳትሰጪው። አፕላይ ማድረግም ይግባኝ ማለትም በነጻ ነው፣ ሳሳ (ድጎማውን የሚሰጠው የመንግስት መስሪያ ቤት) ውስጥ ሰው አለኝ የሚልሽ ካለ ደግሞ ከዛ ሰው ራቂ። እኔን ከ300 ራንዱ በላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ስራውን ለመስራት የፋይል ቁጥርሽን፣ ስልክ ቁጥርሽን፣ ከዛ ደግሞ በሜሴጅ የሚመጣልሽን ፒን ይጠይቅሻል፣ እነዚህ ሶስቱ እጁ ከገቡ አፕሊኬሽኑ ያንቺ መሆኑ ቀረ ማለት ነው፣ የባንክ ዝርዝሩን ማን እንደሞላው እንኳ ላታውቂ ትችያለሽ። ሰርዘን እናስገባ የሚለውንም በፍጹም አትቀበዪ። በኤስ አር ዲ አንዴ አፕላይ ካደረግሽ በየወሩ እንደ አዲስ ማመልከት የለብሽም፣ እነሱ ራሳቸው በየወሩ እያነሱ ይመዝኑሻል፣ ስለዚህ ያለውን መሰረዝ ራስሽን ከሰልፍ ማውጣት ነው። አንድ ወር ዲክላይን ተባለ ማለትም ለዘላለም ተባለ ማለት አይደለም፣ የሚቀጥለው ወር ለብቻው ይታያል። ይግባኙም እንደዛው በየወሩ ለየብቻው ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ አንዴ አፒል ብያለሁ ብሎ ይቀመጥና የሌሎቹ ወራት ቀን ያልፍበታል።

«ለዜጋ ነው» ያሉሽ ሰዎች ሙሉ በሙሉ ከሜዳ ተነስተው አይደለም። በፈረንጆቹ 2020 ግንቦት ላይ በኮሮና ጊዜ 350 ራንድ ሆኖ ሲጀመር አሳይለም ጠያቂዎች ተረስተው ነበር። ከዛ ኬፕታውን ያለው ስካላብሪኒ ሴንተር የተባለ የስደተኞች ድርጅት ከሰሰና በዛው አመት ሰኔ ላይ የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሴክሽን 22 ያላቸውም ስፔሻል ፐርሚት (ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ) ያላቸውም ይካተቱ ብሎ አዘዘ፣ ያው ከዛ በኋላ በወጣው ደንብም ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ እድሜሽ ከ18 እስከ 60 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ወረቀትሽ ቫሊድ ከሆነ፣ በወር ከ624 ራንድ በላይ ገቢ ከሌለሽና ሌላ የመንግስት ድጋፍ ካልያዝሽ ይመለከትሻል። ብሩ ከ2024 ሚያዝያ ወዲህ 370 ራንድ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ግን ለሁለት ልጅ ዱቄትና ዘይት ማለት እንደሆነ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ኬዝሽንም በተመለከተ አትፍሪ። አሳይለም የሚወሰነው ወደ አገርሽ ብትመለሺ ምን ይደርስብሻል በሚለው ነው፣ ህግ የፈቀደልሽን እርዳታ መጠየቅሽ የሚያመጣብሽ ጣጣ የለም። ጣጣ የሚያመጣው የሌለ ነገር መሙላት ነው፣ ስራ እያለሽ የለኝም ብትዪ ወይ በሰው ወረቀት ብታመለክቺ እሱ ወንጀል ነው። አንቺ እንደጻፍሽልኝ ከሆነ ደግሞ ያ ነገር የለብሽም።

አሁን ለምን ዲክላይን እንዳሉሽ እንይ፣ ምክንያቱን ካላወቅሽ ይግባኙ ራሱ አይያዝም። ሳሳ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ያንቺን ጉዳይ ያነበበ ሰው የለም። በየወሩ ስምሽና ቁጥርሽ ከሆም አፌርስ (መታወቂያና ፐርሚት ከሚሰጠው መስሪያ ቤት) መዝገብ፣ ከስራ አጥነት መድን ከዩ አይ ኤፍ፣ ከግብሩ መስሪያ ቤት ከሳርስ፣ ከተማሪዎቹ ፈንድ ከኤንስፋስ፣ ከዛ ደግሞ ከባንኮች ጋር ይመሳከራል፣ አንዱ ጋ ያልገጠመ ነገር ከተገኘ ሲስተሙ ዲክላይን ብሎ ምክንያቱን በሁለት ሶስት ቃል ይጽፍልሻል። አንቺ ጋ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው ያሉት፣ መፍትሄያቸውም ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የአይደንቲቲው ነው፣ ይሄ የኛን አገር ሰው በጣም የሚያጠቃ ነገር ነው ምክንያቱም እኛ ሰርኔም (የቤተሰብ ስም) የሚባል ነገር የለንም። ለምሳሌ አንዲት ሴት አልማዝ ከበደ ወልዴ ብትባል ፐርሚቷ ላይ ሰርኔም ወልዴ ተብሎ ይጻፋል፣ ባንክ ስትሄድ ደግሞ ያስተናገደቻት ልጅ ከበደን ሰርኔም አድርጋ ታስገባዋለች፣ ፎርሙን የሞላላት የኢንተርኔት ካፌ ልጅ ደግሞ ስሟን በጆሮው ሰምቶ በራሱ ስፔሊንግ ይጽፈዋል፣ ለኛ አንድ ሴት ነች ለኮምፒውተሩ ግን ሶስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። አንቺም እንዲህ አድርጊ፣ ፐርሚትሽን ከፊትሽ አስቀምጪና አፕሊኬሽኑ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። ፐርሚቱ ላይ ተሳስተው ጽፈውት ቢሆን እንኳ ስህተቱን እንዳለ ነው የምትገለብጪው፣ አሳምሬ ልጻፈው ብትዪ አይገጥምም። ስህተቱን ማስተካከል ያለብሽ ሆም አፌርስ ጋ ነው፣ ወረቀትሽን ስታሳድሺ ጠይቂያቸው። የፋይል ቁጥሩም ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም ነገር ስለሆነ ኦ ፊደሉና ዜሮው እንዳይምታታብሽ። የኤስ አር ዲ ገጽ ላይ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ ላላቸው አንድ መግቢያ፣ ለአሳይለምና ለስፔሻል ፐርሚት ሌላ መግቢያ አለ፣ በትክክለኛው በር መግባቱን አረጋግጪ። ይሄኛው ወር በይግባኝ የመገልበጥ እድሉ ጥሩ ይመስለኛል፣ በተለይ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ስላንቺ ማንነት ጥያቄ ካላነሱ መዝገቡ አሁን እየገጠመ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው እቁቡ ነው፣ እዚህ ጋ ቁጭ ብለን እናውራ። ዘጠኝ ሴቶች 500 500 ሲያስገቡ በወር 4500 ራንድ አካውንትሽ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ዕጣ ለወጣላት አውጥተሽ ሰጠሻት፣ አንቺ ጋ አምስት ሳንቲም አልቀረችም። ባንኩ ግን የሚመልሰው ጥያቄ «የዚህች ሴት አካውንት ውስጥ በዚህ ወር ከ624 ራንድ በላይ ገብቷል ወይ» የሚል ነው፣ መልሱ ደግሞ አዎ ነው። የማን እንደሆነ፣ ወጥቶ የት እንደሄደ አይጠየቅም። የአጎትሽ ልጅ የሱቅ ብር ሲጨመርበትማ አንቺ በወረቀት ላይ ነጋዴ ሆነሻል። ስለዚህ ሳሳ ዋሽቶ አይደለም ኢንካም ተገኘ ያለሽ፣ ያየው ነገር ነው፣ ያየው ነገር ግን ያንቺ ህይወት አይደለም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልነግርሽ ይገባል፣ ለነዚህ ሁለት ወራት ይግባኙ ሊከብድ ይችላል። ይግባኙን የሚያየው ከሳሳ ውጪ ያለ ኢንዲፔንደንት ትራይቡናል (ገለልተኛ ይግባኝ ሰሚ) ነው፣ ግን የእቁቡን ደብተር አያይዘሽ፣ ሴቶቹን ምስክር ጠርተሽ የምታስረጂበት ችሎት አይደለም። ከዝርዝር ውስጥ ምክንያት ትመርጫለሽ፣ እነሱ ደግሞ ያንኑ የባንክና የመንግስት መረጃ መልሰው ያመሳክሩታል። በ2025 ጥር የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኢንስቲትዩት ፎር ኢኮኖሚክ ጀስቲስና ፔይ ዘ ግራንትስ የተባሉ ድርጅቶች ባቀረቡት ክስ ይሄንን አሰራር ክፉኛ ተችቶታል፣ ባንክ ውስጥ የገባ ብር ሁሉ ገቢ አይባልም፣ ይግባኝ ባይ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ አለመቻሉም ልክ አይደለም ብሏል። በኔ እምነት ፍርዱ ልክ ነው፣ በዚህ አሰራር ስንት እናት ከደጅ እንደተመለሰች እግዚአብሔር ይወቀው። ግን መንግስት ይግባኝ ልጠይቅ ስላለ ፍርዱ ወጣ ብለሽ ነገ ሲስተሙ እንደተቀየረ አድርገሽ አትቁጠሪ።

እና ታዲያ ለምን ይግባኝ በይ እላለሁ? አንደኛ ምንም አያስከፍልሽም። ሁለተኛ ነገ ጠበቃ ይዘሽ ልቀጥል ብትዪ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ትራይቡናሉ ጋ ሄደሻል ወይ ብለው ነው፣ ያንን ሳትጨርሺ ፍርድ ቤት አይቀበልሽም። ለነሱ ወራት ስትመርጪም ገቢ የለኝም የሚለውን ያለምንም ፍርሃት ምረጪ፣ እውነትሽን ነው።

ከይግባኙ እኩል አስቸኳይ የሆነው ግን እቁቡን ከአካውንትሽ ማውጣት ነው፣ ይሄ ካልሆነ በየወሩ ዲክላይን በየወሩ አፒል ሆኖ ይቀጥላል። ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፣ ሰው አምኖሽ ያስቀመጠብሽ ነገር ነው፣ ልልቀቅ ማለት ደግሞ ያሳፍራል። ሴቶቹን ሰብስበሽ በግልጽ ንገሪያቸው፣ «በኔ ስም ብር ስለሚገባ ለልጆቼ የሚሰጠኝን እየከለከሉኝ ነው፣ ደብተሩን እኔው እይዛለሁ፣ ብሩ ግን በሌላ ሰው አካውንት ይግባ» በያቸው፣ የማይገባት ሴት አትኖርም። ስራ ያላትና ለእርዳታ የማታመለክት አንዷ ትቀበለው። በካሽ ቤት አስቀምጪ ግን አልልሽም፣ ሎኬሽን ውስጥ ብር ያለበት ቤት ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም አይተናል። ለአጎትሽ ልጅ ደግሞ የኛ ሰው አካውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ፐርሚቱ ኤክስፓየር አድርጎ ስለሆነ ያሳደሰውን ወረቀት ይዞ ባንኩ ጋ ይሂድ፣ ይከፍቱለታል። ዝምድናው እንዳለ ሆኖ የሱን ንግድ በስምሽ ማንቀሳቀስ ሌላም አደጋ አለው፣ ሳርስ አንድ ቀን ይሄ ብር ከየት መጣ ቢል የሚጠራው ያንቺን ስም ነው። የሚሰጥሽ ድርጎ ካለ በእጅሽ ይስጥሽ ልልሽ አልፈልግም፣ ስለመደበቅ እያወራሁ አይደለም፣ እሱ በየወሩ ከ624 በላይ ቋሚ ነገር የሚሰጥሽ ከሆነ ያኔ በርግጥም ገቢ አለሽ ማለት ነው። ከደብዳቤሽ የገባኝ ግን እንደዛ እንዳልሆነ ነው።

አሁን አሰራሩን። ይግባኙ የሚገባው ስታተስ በምታዪበት በሳሳ ገጽ አይደለም፣ የሶሻል ዴቨሎፕመንት መስሪያ ቤት የራሱ የይግባኝ ገጽ አለው፣ አድራሻው ኤስ አር ዲ ነጥብ ዲ ኤስ ዲ ነጥብ ጎቭ ነጥብ ዜድ ኤ ብለሽ ስላሽ አፒልስ ነው። ከስላሹ በፊት ያለው ጎቭ ነጥብ ዜድ ኤ ብሎ የማያልቅ ገጽ ከሆነ ቁጥርሽን እንዳትሞዪበት፣ ሳሳ የሚል ስም የለጠፉ የሌባ ገጾች ሞልተዋል። ገብተሽ የፋይል ቁጥርሽንና አፕላይ ስታደርጊ የሰጠሽውን ስልክ ትሞያለሽ፣ ፒን በሜሴጅ ይመጣልሻል፣ እሱን አስገብተሽ ዲክላይን የተባለውን ወር ትመርጫለሽ፣ ምክንያቱን ትመርጫለሽ፣ ትልኪያለሽ። ከዛ ለሚቀጥለው ወር እንደገና ከላይ። ሲያልቅ የእያንዳንዱን ስክሪንሾት አንሺ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ፣ በዋትሳፕ ለባለቤትሽም ላኪለት ስልክሽ ቢጠፋ እሱ ጋ ይኖራል።

ስልክ ካልሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። መንገድ ላይ የገዛሽው በሌላ ሰው ስም ሪካ የተደረገ (የተመዘገበ) ሲም ከሆነ፣ ወይ ስልክሽ ተነጥቆ ቁጥሩ ከጠፋ ፒኑ አይደርስሽም፣ ፒን ከሌለ ይግባኝ የለም። ቁጥሩ አሁንም እጅሽ ላይ ካለ ደህና፣ ከሌለ መጀመሪያ ቁጥሩን ማስቀየር አለብሽ፣ ለዛ 0800 60 10 11 ላይ ደውዪ፣ የሳሳ ነጻ መስመር ነው፣ መስመሩ ሊጨናነቅ ይችላልና ጠዋት ማልደሽ ሞክሪው፣ እንግሊዝኛው ከከበደሽ የምታምኚያትን ሰው አጠገብሽ አስቀምጪ። አዲሱን ሲም በራስሽ ወረቀት አስመዝግቢው፣ ሌላ ማንም አይጠቀምበት።

መልሱ ከ60 እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል፣ ስለዚህ ሳምንት ሳይሞላ ተስፋ አትቁረጪ። እየጠበቅሽ እያለ በየወሩ ስታተስሽን እዪ፣ አዲስ ዲክላይን ካለ በዛው ሳምንት አፒል በይ አታጠራቅሚ። ይግባኙ ከጸደቀልሽ የዛ ወር ብር ይከፈልሻል። የባንክ አካውንቱ በራስሽ ስም መሆን አለበት፣ በባለቤትሽም ሆነ በእህትሽ አካውንት አይልኩም። አንድ ነገር ደግሞ እንዳትዘነጊ፣ ሴክሽን 22ሽ ሊያልቅ ሲል ቀደም ብለሽ አሳድሺው፣ ወረቀቱ ካለቀ ሳሳ ዲክላይን ይላል፣ ባንኩም አካውንቱን ይዘጋና የገባልሽን ብር ራሱ ማውጣት ያቅትሻል። ያሳደስሽውን ወረቀት ባንክ ወስዶ ማስመዝገብ ያንቺ ስራ ነው፣ ከሆም አፌርስ ለነሱ በራሱ አይሄድም።

ስለ ልጆቹም ጠይቀሽኝ ነበር፣ እዚህ ባናወጣውም። የልጆች ድጎማው ቻይልድ ሰፖርት ግራንት ለሴክሽን 22 አይሰጥም፣ ስደተኛነትሽ ጸድቆ ሴክሽን 24 ስታገኚ ግን ይፈቀድልሻል፣ ስለዚህ ያንን ወረቀት ይዘሽ ከሆም አፌርስ የመጣሽ እለት ሳሳ ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ። እስከዛ ያለሽ ኤስ አር ዲው ብቻ ነው።

ትራይቡናሉም እምቢ ካለሽ ከዛ በኋላ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፣ እሱ ብቻሽን የምትገቢበት አይደለም። ጆበርግና አካባቢዋ ላይ ሎየርስ ፎር ሂዩማን ራይትስ የስደተኞችን ጉዳይ በነጻ ይይዛል፣ ብላክ ሳሽ ደግሞ የግራንት ችግር ሲሆን ምክር ይሰጣል። ስትሄጂ ፐርሚትሽን፣ ዲክላይን የሚሉትን ሜሴጆች፣ የይግባኞቹን ስክሪንሾት፣ የሶስት ወር የባንክ ስቴትመንት እና የእቁቡን ደብተር ይዘሽ ሂጂ፣ ትራይቡናሉ ያላየልሽን ደብተር እነሱ ቁጭ ብለው ያዩልሻል፣ ማን በስንት ቀን ስንት እንዳስገባችና ለማን እንደወጣ ከስቴትመንቱ ጋር ገጥሞ ከተገኘ ለጠበቃ ትልቅ ነገር ነው። እቁቡን ከአካውንትሽ ስታወጪም የድሮውን ደብተር እንዳትጥዪው።